የባሕረኛው ጥያቄ

ከፋ፣ ደካ ውስጥ ባሕረኛ አለ ቢባል እንግዳ አያምንም። ከቦንጋ ወዲህም ሆነ ወዲያ ደን፣ ቡና፣ እንሰትና ጭቃ ነው እንጂ ባሕር የት አለና? እኛ ግን አንድ ነበሩን። የእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ሲያነብ ካልሆነ በቀር በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ልጅ አዋቂው «ባሕረኛው» ይላቸዋል፣ ፊት ለፊት ሲሆን «ጋሼ»። በደርግ ጊዜ ከከፋ ተመልምለው ምጽዋ ወረዱና በባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ሆኑ። ሥራቸው መርከብ ሥር ገብቶ መፈተሽ፣ የተጠላለፈ ገመድ መቁረጥ፣ ወደብ ላይ የሰጠመ ዕቃ ፈልጎ ማውጣት ነበር። ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ እሳቸው አሰብ ነበሩ። በግንቦት 1983 መርከቦቹ ወደ የመን ሲሻገሩ ባሕረኛው ወደ መሀል አገር በእግሩ ከሚጎርፈው ሠራዊት ጋር ተቀላቀሉ። ቤታቸው ሲደርሱ ተዝካራቸው ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ቡና ተከሉ፣ ቀፎ ሰቀሉ፤ ባሕሩም የማታ ወሬ ማጣፈጫ ሆኖ ቀረ።

በ2010 ሰኔ ላይ ሬዲዮናቸው ሥራ በዛባት። እኔ ያኔ እዚያው አካባቢ አስተምር ነበርና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማታ ማታ ደጃቸው ተሰብስቦ ወሬ ከማዳመጥ ሌላ ብዙም ጉዳይ አልነበረኝም። አንዱ ወሬ የአስመራ ነበር፤ 20 ዓመት ገደማ የተዘጋው በር ሊከፈት ነው ይባላል። ባሕረኛው «ምጽዋ» የሚል ነገር ከጋዜጠኛው አፍ ሲሰሙ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል እንጂ አንዳች አይናገሩም። ሌላው ወሬ የታይላንድ ዋሻ ነው። ሰኔ 16 ቀን 12 ልጆች ከእግር ኳስ አሠልጣኛቸው ጋር ታም ሉዋንግ የሚባል ዋሻ ገቡ፤ ዝናብ መጣና ጎርፉ መውጫውን ደፈነባቸው። ሰኔ 25 ሁለት እንግሊዛውያን ጠላቂዎች በሕይወት አገኟቸው። የዚያ ደስታ ሳይበርድ ሰኔ 29 ሳማን ኩናን የተባለ የቀድሞ የታይላንድ ባሕር ኃይል ጠላቂ፣ በበጎ ፈቃዱ ሊረዳ መጥቶ፣ የአየር ሲሊንደር ውስጥ አድርሶ ሲመለስ ራሱን ስቶ እዚያው ቀረ።

ይህን እንደሰማን ከመካከላችን አንዱ ከንፈሩን መጠጠና «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ባሕረኛው ግን ተቆጡ።

«ቀኑን ተወው። አየር ስንት ቀርቶት ነበር? ማን አብሮት ነበር? የመመለሻ ገመዱን ይዟል ወይስ ለቆታል?»

ሳቅን። ታይላንድ የሞተ ሰው ገመድ ደካ ላይ ምን ይሠራል? አንዱ ጎረምሳ ደግሞ «ኦክስጅኑ አልቆበት ይሆናል» ሲል ባሰባቸው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብቻ እንዳልሆነ፣ እኛ የምንስበው ይኸው አየር ተጨምቆ የገባበት መሆኑን አስረዱን። ዋሻ የሚገቡ ጠላቂዎች ካላቸው አየር ሲሦውን ለመግቢያ፣ ሲሦውን ለመውጫ፣ የቀረውን ሲሦ ለክፉ አጋጣሚ እንደሚይዙም ነገሩን። ጎረምሳው «ታዲያ ሲሦው ተርፎ ቢወጣስ?» ብሎ ጠየቀ። «ተርፎ ሲወጣማ ሰውየውም ተርፎ ወጣ ማለት ነው» አሉት።

ያን ማታ ነው የጓደኛቸውን ነገር ያነሱት። ምጽዋ እያሉ አብሯቸው የሚጠልቅ አንድ የእድሜ እኩያቸው ነበር። ሁለት ሆነው መርከብ ሥር ሲሠሩ የባሕረኛው አየር ቀነሰና «እንውጣ» ብለው ምልክት ሰጡት፤ እሱ «ትንሽ ቀርታኛለች» በሚል እጁን አወዛውዞ ቆየ። ኋላ የወጣው ሬሳው ነው። አለቃቸው ሸራ አስነጥፎ የሟቹን ዕቃ በተራ አስደረደረ፤ ማስኩን፣ ሲሊንደሩን፣ የእርሳስ ቀበቶውን፣ ቢላዋውን። ጠላቂዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ዕቃውን በእጃቸው እያገላበጡ ያዩትን ተናገሩ። ሲሊንደሩ ባዶ ነው። ቢላዋው ከሰገባው አልወጣም። ከሁሉ የበለጠ የተጠየቁት ባሕረኛው ነበሩ፤ የት ነበርክ፣ መቼ አየኸው፣ ለምን ትተኸው ወጣህ።

«አልቅሰህ ሳትጨርስ ይጠይቁሃል» አሉን። «ያኔ አንገሽግሾኝ ነበር። ግን ከዚያ ወዲያ ከእኛ መሀል ማንም ብቻውን ውሃ ውስጥ ቀርቶ አያውቅም።»

ሐምሌ 1 እሑድ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ የገቡበት ቀን። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ተጨናንቆ አስመራ ጎዳና ላይ ዘንባባና ባንዲራ የሚያውለበልበውን ሕዝብ ያያል። የታይላንዶቹም የመጀመሪያዎቹ 4 ልጆች የወጡት በዚያው ዕለት ነው። ባሕረኛው ግን ቴሌቪዥን ቤቱ አልነበሩም፤ ለምን እንዳልመጡ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ጩኸቱ የመጣው ሊመሽ ሲል ከወንዙ በኩል ነው። «ውሃ ወሰደው!»

ወንዙን ለማያውቅ ልንገር። በበጋ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ጫማ ሳያረጥቡ የሚሻገሩት፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ስም ቢሰጡት የሚያሳፍር ውሃ ነው። ሐምሌ ላይ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ከላይ ከደኑ ቅርንጫፍና ሥር ነቅሎ፣ አፈር በጥብጦ ይመጣል፤ ከሩቅ ድምፁን ሰምተህ ነው መኖሩን የምታውቀው። ከዚያ ወደ ታች ገደል ለገደል ይዞህ ይሄዳል፣ ዞሮ ዞሮ ኦሞ ነው የሚገባው። መሻገሪያው ሁለት የተጋደሙ ግንዶች ናቸው፤ መደገፊያ የሚባል የለውም። ልጁ አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ውጤት የሚጠብቅ ነው። ከአጎቱ ልጅ ጋር ሆነው የቡና ችግኝ ከወዲያ ማዶ እያመጡ ነበር። ሐምሌ የችግኝ ወር ነው፤ ዝናቡ ሳያመልጥ መትከል አለብህ። ያጎቱ ልጅ ቀድሞ ተሻግሮ መንገድ ጀመረ። ዞር ሲል ግንዱ ላይ ሰው የለም።

ወንዙ ዳር ስደርስ ሁለት ጎረምሶች ልብሳቸውን አውልቀው ሊገቡ ነው። ከፋ የውሃ አገር ነው፤ ዋና የሚችል ግን ብትፈልግ አታገኝም፤ እነዚህ ሁለቱ ቦንጋ ሲማሩ ትንሽ መንቦጫረቅ የለመዱ ናቸው። ባሕረኛው ከኋላ በሩጫ መጡ፤ ትከሻቸው ላይ የቀፎ መስቀያ ገመድ ተጠምጥሟል፣ እጃቸው ላይ ዱላ። ዱላውን የሁለቱ ጎረምሶች ደረት ላይ አጋደሙት።

«ማንም አይገባም!»

የሟቹ አጎት እጃቸውን ጨበጠና «ልጃችን እዚህ ውስጥ ነው፤ ያንተ ልጅ ቢሆን እንዲህ ትል ነበር?» አላቸው።

«የኔ ቢሆንማ እናንተ ትይዙኝ ነበር» አሉት።

ያ ንግግር ለብዙ ጊዜ ተጠላ። ጨካኝ ተባሉ። ወታደር ቤት ልብ የሌላቸው አድርጎ መለሳቸው ተባለ። እኔም በጊዜው ቃላቸው ከበደኝ፤ ዱላቸው ግን ያን ማታ ሁለት እናቶችን ከእንባ እንዳዳነ ለማየት ያን ያህል ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር። ውሃው ድንጋይ ሲያንከባልል ይሰማ ነበራ።

እሳት አንድደን ወንዙ ዳር አደርን። ችቦ የያዙ ሰዎች ወደ ታች ወርደው ጥጋጥጉን ሲያዩ ቆዩ። የተገኘው ችግኝ ብቻ ነው፤ በጥቁር ላስቲክ የበቀሉ፣ አንዳንዱ ቅጠሉ እንኳ ያልተነካ፣ ጭቃው ላይ ተሰክተው ነበር። አንድ ሽማግሌ ዝምታውን ለመስበር ይሁን እንጃ፣ ሁላችንም የምናውቀውን የጋኪ ሸሮቾን ነገር አነሱ። የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ በ1890 ዓ.ም. ግድም ተማርከው ጎጀብን ሲሻገሩ የንግሥና ቀለበታቸውን ውሃው ውስጥ ጣሉት፤ የከፋ መንግሥት እዚያ ይቀመጥ አሉ ይባላል። ሽማግሌው «ውሃ የወሰደውን አይመልስም» ለማለት ፈልገው ይመስለኛል። ባሕረኛው እሳቱን እየቆሰቆሱ «ቀለበትና ሰው አንድ አይደለም። ቀለበት ይቀበራል። ሰው ይመለሳል፣ ከቀናት በኋላ በራሱ ይነሳል» አሉ። ሆድ ውስጥ አየር ሲሞላ ሬሳ እንደሚንሳፈፍ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ እንደሚዘገይ ለኔ በጆሮዬ ነገሩኝ። ለቤተሰቡ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሌሊት አይባልም፤ ይህን ያህልስ ያውቁ ነበር።

ቦንጋ አንድ መሥሪያ ቤት ተደወለ። በክረምት በክረምት የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ጠላቂ ዋናተኞች ከወንዝና ውሃ ካቆረ ጉድጓድ ሰው አወጡ ሲባል በሬዲዮ እንሰማለን፤ እነሱ እንዲላኩልን ነበር ጥያቄያችን። አዲስ አበባ ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «እናሳውቃለን» ተባልን። ሁለተኛ ስንደውል የመለሰልን ሰው የልጁን እድሜ ጠይቆ፣ አዝኖ፣ ስልኩን ዘጋው። ቁጣ አልነበረንም፤ ጠብቀንም አልነበር።

በማግሥቱ ፍለጋው መልክ ያዘ። ባሕረኛው በመጀመሪያ የፈለጉት ዋናተኛ አይደለም፤ ንብ አናቢዎችን ነው። የከፋ ንብ አናቢ ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ስለሚሰቅል ገመድ ማሰርና ሰውን በገመድ መያዝ ያውቃል፤ ሕይወቱን ለቋጠሮ ሰጥቶ የሚውል ሰው ነው። የመጡት ገመዳቸውን ይዘው ነው፤ አንዱ ናይለን፣ ሌላው ከእንሰት ቃጫ የተገመደ። ቃጫውን ባሕረኛው በእጃቸው ፈትነው ለዳር ሥራ መደቡት። ደንቡን ነገሩን። የሚገባ ሰው በወገቡ የሚታሰረው ቋጠሮ በራሱ እጅ አንዴ ሲጎተት የሚፈታ መሆን አለበት፤ ገመዱ ከተያዘ ውሃው ራሱ ሰውየውን ወደ ታች ይጫነዋልና የማይፈታ ቋጠሮ ነፍስ ያጠፋል። ገመድ ያዦቹ ከሚገባው ሰው ትይዩ ሳይሆን ከበታቹ ይቆማሉ፤ ቢወስደው ወደ ዳር ያወዛውዘዋል። አንድ ጊዜ መሳብ «ደህና ነኝ» ነው፣ ደጋግሞ መሳብ «አውጡኝ»። ከመሀል ወንዝ አይገባም፣ ከዳር ከዳር ብቻ፣ በቀርከሃ እየወጉ።

ከጎረምሶቹ አንዱ ወንዙ ጎብጦ ግንድ ያከማቸበት ቦታ ላይ ሲደርስ የሆነውን ያየሁት ከቅርብ ነው። መታጠፊያው ላይ ቅርንጫፍ፣ ሥርና ገለባ ተቆልሎ ውሃው በመሀሉ እያፏጨ ያልፋል። ጎረምሳው ቀርከሃውን ሰዶ «አንድ ነገር ነካኝ» ብሎ ጮኸ። አንድ እርምጃ ጨመረ። እግሩ ከሥሩ ሸሸና ደረቱ ግንዱ ላይ ተለጠፈ፣ ወዲያው ጭንቅላቱም አልታየም። ጠፋ ብል ይቀላል፤ ጠፍቶ አልነበረም፣ ከግንዱ ወዲያ ጣቶቹ ብቻ ቅርንጫፍ ጨብጠው ይታዩ ነበር፣ ጥፍራቸው ነጭ ሆኖ። ገመዱ ተደጋግሞ ተሳበ። ባሕረኛው «ወደ ላይ አትጎትቱ! ወደ ጎን! ወደ ጎን!» እያሉ ራሳቸው እስከ ጭናቸው ገቡ። ከበታች የቆሙት አናቢዎች ተንበርክከው ወደ ዳር ሳቡት። ሲወጣ አፉ በቅጠል ተሞልቷል። ካስመለሰው በኋላ ያለቀሰው እሱ ሳይሆን ማታ ባሕረኛውን የተሳደበው አጎትየው ነው።

ቀርከሃው የነካው ሰው አልነበረም፤ የበሰበሰ ግንድ ነው።

ሰው ግንድ ላይ ለምን እንደሚቀር ያስረዱን ከዚያ በኋላ ነው። ግድብ ቢሆን ውሃው ይቆማል፣ ግንድ ግን ወንፊት ነው፤ ውሃው ያልፋል፣ ሰውየው ይቀራል። ዋና የቻልክ ሁን ያልቻልክ ለወንፊቱ ልዩነት የለውም። ይህንን የሰሙ አባት፣ የሟቹ አባት ማለቴ ነው፣ ከተቀመጡበት ተነሱና «ይበቃል» አሉ። «የሰው ልጅ ከእንግዲህ አላስገባም። እግዜር ሲፈቅድ ይሰጠኛል።» አንዳንዱ ይህን ተስፋ መቁረጥ አደረገው። የሌላ ሰው ልጅ ጣት ግንድ ላይ ሲነጣ አይተው የወሰኑት እንደሆነ ግን ቦታው የነበረ ሁሉ ያውቃል።

ሬሳ በሌለበት ለቅሶ እንዴት ይቀመጣል? እድሩ ድንኳን ልትከል ሲል እናትየው «ሳላየው አልቅሼ አልቀብረውም» ብለው ወንበሩን አስመለሱ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ሰነበተ። ሰው ይመጣል፣ ለማልቀስ ይሁን ለማጽናናት ሳያውቅ ቆሎ ይቆረጥማል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይሄዳል። ከሬዲዮው የታይላንዶቹ ልጆች ሐምሌ 3 ሁሉም ከነአሠልጣኛቸው ወጡ የሚል ወሬ መጣ። አጠገቤ የነበረች ሴት «እሰይ» ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ እናትየው እንዳይሰሟት።

የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ሐምሌ 5፣ ከታች ከቆላው በኩል ሰው መጣ፤ ተገኝቷል። ያገኙት ማንጆዎች ናቸው። ማንጆ በከፋ ውስጥ ከጥንት አዳኝ፣ ኋላም እንጨትና ከሰል ሸያጭ የሆነ ወገን ነው፤ ሌላው ከፋ ከእነሱ ጋር አብሮ አይበላም፣ በአንድ ዋንጫ አይጠጣም፣ ቤቱ አያስገባም ነበር፤ ሕጉ እኩል ካደረገን ስንት ዘመን ሆኖታል፣ ልማዱ ግን ጨርሶ አልለቀቀንም። ወንዙ ሰፍቶ ከሚረጋበት ቦታ ልጁን አውጥተው፣ በእንጨት ቃሬዛ አድርገው፣ በዚያ ጭቃ ዳገት ተሸክመው አመጡት። በሩ ጋ ሲደርሱ ቃሬዛውን አስቀምጠው ፈቀቅ ብለው ቆሙ። ድንኳኑ ያኔ ተተከለ። ለእነሱ ምግብ ከውጭ፣ አጥሩ ሥር፣ በእንሰት ቅጠል ቀረበላቸው።

አባትየው ከቀብር ሲመለሱ ድንኳን አልገቡም። ወደ አጥሩ ሄደው ከማንጆዎቹ ጋር ተቀመጡና ከቅጠሉ ላይ ቆጮ ቆርሰው በሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የቀረው ሰው እያየ እንዳላየ ሆነ። ይህ ነገር ከልጁ ሞት ይልቅ ለረጅም ጊዜ ተወርቷል፤ ሲወራም የሰማሁት በሹክሹክታ ነው። ማንጆዎቹ በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን ገቡ ብል ደስ ባለኝ፤ አልገቡም። አባትየው ግን ከዚያ ወዲህ ከሰል የሚገዙት ቤት ድረስ ከሚመጡ ማንጆ ደንበኞቻቸው ነው፤ ቡናም አብረው ይጠጣሉ።

ባሕረኛው ሬሳ ገናዦቹን አስቀድመው ለምነው ነበር፤ ልብሱን፣ ጫማውንና ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳይጥሉ፣ የታሰረም ነገር ካለ እንዳይቆርጡ፣ እንዲፈቱ። በሣልስቱ ማግሥት ጓሮ በኩል ሸራ አነጠፉ። እኔ፣ ያጎቱ ልጅ፣ ከግንዱ የወጣው ጎረምሳና ሁለት አናቢዎች ነበርን። አንድ የጎማ ቦቲ፣ የሌላኛው እግር የለም። ችግኝ የያዘው ማዳበሪያ፣ ባዶ። ማዳበሪያው የታዘለበት ገመድ፣ ደረት ላይ በጠባቡ የተቋጠረበት ሳይፈታ፤ ገናዦቹ በራሱ በኩል አውጥተውት ነበር።

ባሕረኛው ጠየቁ። ስንት ሰዓት ነበር? ቦቲው ተረከዙ ተበልቷል፣ ያንሸራትተው ነበር? ከግንዱ ላይ ስንት ችግኝ ይዞ ቆመ? አንተ ስትሻገር ለምን ቆመህ አልጠበቅከውም? ያጎቱ ልጅ እያለቀሰ መለሰ። ከድንኳኑ በኩል የሰሙ ሴቶች «የሞተውን ሊያስነሱት ነው? ቀኑ ደርሶ ነው፤ ልጁን ለምን ያሰቃዩታል?» እያሉ አጉረመረሙ። ባሕረኛው ልጁን ትከሻውን ይዘው «አንተን አይደለም የምጠይቀው፤ ነገሩን ነው» አሉት። ልጁ ልዩነቱ አልገባውም፤ እኔም የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ማዳበሪያውን አንስተው ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት። እርጥብ ሆኖ ከርሮ እንደ ድንጋይ ሆኗል። አውራ ጣታቸውን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ ግልጽ የሆነ ነገር ከፊታችን ነበር፤ ልጁ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሸክሙን ከላዩ ሊያወርድ አልቻለም፣ ማዳበሪያው ውሃ ሞልቶ ጎትቶታል።

«ይህን ማን ነው ያሰረው?»

ማንም አልመለሰም። ያጎቱ ልጅ አንገቱን ደፋ። ከኋላችን፣ ከእንሰቱ ጎን፣ መቼ እንደመጡ ያላየናቸው አባትየው ቆመው ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ችግኙ እንዳይወዛወዝበት ብዬ።»

ባሕረኛው ቋጠሮውን ትንሽ ጊዜ አዩት። ምጽዋ ያን ሸራ ያነጠፈው አለቃቸው ቢሆን ቀጣዩን ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ማዳበሪያውን አጣጥፈው ለአባትየው ሰጧቸውና «ጥሩ ቋጠሮ ነው፤ አልተፈታም» አሉ። ሸራውን ጠቀለሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

«ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለውን ንግግር ሰው የሚለው ካለማሰብ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዱ ካለማሰብ ይለዋል። አንዳንዱ ግን ቋጠሮውን ማን እንዳሰረው አስቀድሞ ስለሚያውቅ የሚለው ይመስለኛል፤ ካጉረመረሙት ሴቶች አንዷ የሟቹ አክስት ነበረች፣ ጠዋት ሸክሙ ሲታሰር እዚያው ቤት የነበረች። ያም ሆኖ ባሕረኛው ባይጠይቁ ኖሮ ዛሬም ልጆቻችን ችግኝ በደረታቸው ቋጥረው ግንድ ይሻገሩ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ የማስታርቅበትን መንገድ አላገኘሁም።

መስከረም ላይ እድሩ ተሰበሰበ። ባሕረኛው ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛ፣ ግንዱ ላይ መደገፊያ ይሠራ። ይህ በአንድ ቅዳሜ በደቦ አለቀ። ሁለተኛ፣ እድሩ የራሱ ናይለን ገመድ ይግዛ፤ ማንም ውሃ ዳር አደጋ ሲደርስ ያለ ገመድ ከገባ ቤተሰቡ ይቀጣ። እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ሆነ። አንዱ «ሞቶ ቢቀርስ ማንን ነው የምንቀጣው?» አለ፣ ቤቱ ሳቀ። ቅጣቱ ወደቀ፣ ገመዱ አለፈ። የመማሪያ ወቅት ሲመጣ ባሕረኛውን ትምህርት ቤት ጠራኋቸውና ለተማሪዎቼ ሸክም እንዴት እንደሚታሰር አሳዩ፤ በአንድ ጫፍ ሲጎተት የሚፈታ፣ በአንድ ትከሻ ብቻ የሚንጠለጠል። ለምን እንደሆነ አልነገሯቸውም። ልጆቹ ጨዋታ አድርገውት አንዱ የሌላውን ቦርሳ እየፈታ ሲሮጥ ዋለ።

ገመዱ የእድር ዕቃ የሚደርስበት ደረሰበት። ለድንኳን ተዋሱት። ኋላ ላይ አንድ ነጋዴ አይሱዙ ላይ ቡና ሊያስርበት ወስዶ ሳይመልስ ከረመ፤ ሲመለስ አንዱ ጫፉ ተበልቷል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ላይ የሆነውን አገር ያውቀዋል። መሬቱ ተንዶ ቤት ቀበረ፤ ጎረቤቱ፣ መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው የተቀበረ ሊያወጣ ተሯሩጦ በእጁ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙው ሊያድን የሄደ ነው። እኔ ያኔ ቦንጋ ተዛውሬ ነበር። ባሕረኛው ደወሉልኝ። ሰላምታም አላስቀደሙ።

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«ከላይ ተራራውን የሚያይ አንድ ሰው አላቆሙም።» ዝም አሉ። «ማን ያቁም? እኔም ብሆን ሄጄ እቆፍር ነበር።»

ከዚያ ወደ ገመዱ ገቡ። የእድሩ ስብሰባ እሑድ ነው፣ የተበላው ገመድ ይቀየር ብለው ሊጠይቁ ነው፣ ገንዘብ ያዡ ደግሞ ውድ ነው ይላል፣ እኔ ከቦንጋ ገበያ የሜትሩን ዋጋ ጠይቄ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። ስንት ሜትር እንደሚያስፈልግ ጠየቅኋቸው። የወንዙ ስፋት እጥፍ ነው፣ ከዚያ ትንሽ ትርፍ፤ አንዱ ጫፍ ሁልጊዜ ዳር ላይ፣ ሰው እጅ ውስጥ መቅረት አለበት አሉኝ። የወንዙን ስፋት በሐምሌ ለክተውት እንደሆን ጠየቅሁ። አልለኩትም። ገንዘብ ያዡን ይዘው በማግሥቱ ሊለኩ ወረዱ፤ ማታ ሲደውሉልኝ 70 ሜትር እንድጠይቅ፣ ከወፍራሙ እንዲሆን፣ ለቡና ማሰሪያ የሚወደደውን ቀጭኑን እንዳይሸጡብኝ አስጠነቀቁኝ።